ሁዋን ሶቶ ያልመታቸው ኳሶች

አሜሪካ ውስጥ ዓመታት ኖሮ ቤዝቦል የማይገባው አበሻ ሞልቷል። አይፈረድበትም። ቴሌቪዥኑን ሲከፍተው አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ዱላ ይዞ ቆሞ ያያል፣ የቀሩት ማስቲካ ያኝካሉ። ከዚያ አንድ ቀን ዜና ይመጣል፦ ሁዋን ሶቶ የሚባል ተጫዋች ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረመ። ያኔ ቤዝቦል የማያውቀውም ሰው ጆሮውን ይቀስራል። ምን ቢሠራ ነው?

ዜናው የዲሴምበር 2024 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሶቶ በ2025 በአዲሱ ቡድኑ የመጀመሪያውን ሲዝን ጨርሷል። የእሱ ሒሳብ አምሮ ተዘጋ፣ የቡድኑ ግን ከሠረ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሶቶ ምን እንደሚሸጥና የቤዝቦል ገበያ እንዴት እንደሚሠራ።

ሶቶ አውትፊልደር ነው። ሜዳው ላይ ከኋላ፣ ሰፊው ሣር ላይ ከሚቆሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ማለት ነው። ሥራቸው ርቆ የሚመጣ ኳስ መቅለብ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሶቶ በዚህ ሥራ ያን ያህል አይደነቅም። ለቅለባው ብሎ 765 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍለው የለም። ገንዘቡ የሚከፈለው ቡድኑ የመምታት ተራ ሲደርሰው ለሚያደርገው ነው። በይበልጥ ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ለማያደርገው።

ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ከ44 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይቆማል። ኳሱን በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ሲለቀው መቺው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። መቺው በዚያች ቅጽበት ልምታው ወይስ ልተወው ብሎ መወሰን አለበት። ሕጉ እንዲህ ነው፦ መሬት ላይ 43 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ነጭ ሰሌዳ አለች። ኳሱ በእሷ በላይ፣ ከመቺው ጉልበት እስከ ደረቱ አካባቢ ባለው ከፍታ ካለፈ ስትራይክ ነው። ሦስት ስትራይክ የተቆጠረበት መቺ ወጣ። ከዚያ ክልል ውጭ ያለፈና መቺው ዱላውን ያልሰነዘረበት ደግሞ ቦል ይባላል። አራት ቦል ከሞላ መቺው ዱላውን ጥሎ፣ ማንም ሳይነካው፣ ነጥብ ለማግኘት ሮጦ ከሚያዳርሳቸው ማረፊያዎች የመጀመሪያው ላይ፣ መጀመሪያው ቤዝ በሚባለው፣ እየተራመደ ሄዶ ይቆማል። ይህ ዎክ ነው።

ስለዚህ ወርዋሪ ሥራው ማታለል ነው። መጀመሪያ ላይ ስትራይክ የሚመስል፣ ሊደርስ ሲል ግን ወደ ታች የሚሰምጥ ወይም ወደ ጎን የሚያመልጥ ኳስ ይልካል። አብዛኛው መቺ ይሸወድና ነፋስ ይመታል፤ ይህም ስትራይክ ነው። ሶቶ ሲሸወድ ማየት ብርቅ ነው። በ2021 ብቻ 145 ጊዜ በዎክ ሄዷል። በ2023 132፣ በ2024 129፣ በ2025 127። መቶ ዎክ በአንድ ሲዝን ሳያገኙ ጡረታ የወጡ ስመ ጥር መቺዎች ብዙ ናቸው።

ኳሱን ሲተወው ደግሞ ዝም ብሎ አይተወውም። ወገቡን ዝቅ ያደርጋል፣ እግሩን አፈሩ ላይ ይጎትታል፣ ወርዋሪውን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። "አየኋት፣ ሌላ አምጣ" የሚል ይመስላል። ሶቶ ሻፍል የሚል ስም ሁሉ ወጥቶለታል። ንቀት ነው የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ግን ያዝናናል።

ታዲያ ዎክ ለምን ይህን ያህል ውድ ሆነ? ቤዝቦል ሰዓት የለውም፤ ያለው የሰው ቁጥር ነው። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ 27 ሰው እስኪወጣበት ድረስ ይመታል፣ ከዚያ አለቀ። ቡድኑ ካዝናው ውስጥ ያለው ሀብት እነዚህ 27ቱ ናቸው። ዎክ ከዚህ ሀብት ምንም ሳይቀንስ ቤዝ ላይ ሰው ያስቀምጣል። ከኋላ የሚመጣው መቺ ኳሱን አርቆ ሲመታ ያ ሰው ሮጦ ነጥብ ይሆናል።

ጉዱ ግን እዚህ ጋ ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው የመምታት አማካይ ዎክን አይቆጥርም። ከሒሳቡ ያወጣዋል። የሶቶ የ2025 አማካይ .263 ነው፤ ከሺህ ሙከራ 263ቱን መታ እንደ ማለት። ይህን ብቻ ያየ ሰው "ለዚህ ነው እንዴ?" ቢል አይገርምም። ዎኩን ጨምረን ስንት ጊዜ ቤዝ ላይ ደረሰ ብለን ስንጠይቅ ግን መልሱ .396 ይሆናል። ከአሥር ተራ ወደ አራት የሚጠጋ ማለት ነው። ዋናው የአሜሪካ ቤዝቦል 30 ቡድኖች አሉት፣ በሁለት ሊግ የተከፈሉ፤ ሜትስ በሚጫወትበት ናሽናል ሊግ ውስጥ በዚህ ሒሳብ አንደኛ የወጣው ሶቶ ነው።

አሁን ወደ ገበያው።

እግር ኳስ የለመደ ሰው ቤዝቦል ላይ ግራ የሚገባው ዝውውሩ ነው። እግር ኳስ ላይ ክለብ ለክለብ ገንዘብ ይከፍላል። ቤዝቦል ላይ ብዙውን ጊዜ ሰው በሰው ይለወጣል። ተጫዋቹንም ማንም አያማክረውም፤ ውሉ ላይ ልዩ አንቀጽ ከሌለው "ነገ ሌላ ከተማ ነህ" ይባላል፣ ሻንጣውን ይይዛል።

ሶቶ የሳንቶ ዶሚንጎ ልጅ ነው፣ የ1998 ትውልድ። በ2015፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ዋሽንግተን ናሽናልስ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ስታዲየሙን ታውቁታላችሁ፤ ግሪን ላይን ይዛችሁ ኔቪ ያርድ ስትወርዱ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለው ነው። እዚያ ሜይ 2018 ላይ በ19 ዓመቱ ዋናው ቡድን ውስጥ ገባ። በ2019 ናሽናልስ ሲዝኑን 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር የጀመረው። መጨረሻው ግን የሁለቱ ሊግ አሸናፊዎች የሚገናኙበት ፍጻሜ፣ ዎርልድ ሲሪስ፣ ሆነ፤ ሂውስተንን በሰባት ጨዋታ ረቶ። ሶቶ 21 ዓመት የሞላው እዚያው ፍጻሜ መሀል ነው።

የዚያ ዓመት ጉዞ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ሊቋጭ ይችል ነበር። ከሚልዋኪ ጋር በነበረው የአንድ ቀን ጥሎ ማለፍ ናሽናልስ 3 ለ 1 እየተመራ፣ ሦስቱም ቤዝ በሰው ተሞልቶ፣ ሶቶ ኳሱን ወደ ቀኝ መታ። የሚልዋኪው አውትፊልደር ትሬንት ግሪሻም ኳሱ አመለጠው። ሦስት ሰው ሮጦ ገባ፣ 4 ለ 3። ይህን ግሪሻም የሚባል ስም ያዙልኝ፣ ተመልሶ ይመጣል።

አዲስ ተጫዋች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያገኘው ዝቅተኛውን ደመወዝ ወይም ለእሱ የቀረበውን ነው። ዝቅተኛ ስል ለቤዝቦል ነው እንግዲህ፤ በ2025 760,000 ዶላር ነበር። ከዚያ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት በየዓመቱ ይደራደራል፤ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኞች ይሄዳል። ስድስት ዓመት ሙሉ አገልግሎ ሲጨርስ ነፃ ተጫዋች ይሆናል፣ ማለትም ለፈለገው ቡድን ራሱን ይሸጣል። ቡድኖች የሚፈሩት ይህን ቀን ነው። ስድስት ዓመት ያሳደጉት ልጅ ብድግ ብሎ ይሄዳል፣ በምትኩ የሚያገኙት ከምንም አይቆጠርም።

ናሽናልስም ፈሩ። በ2022 የ15 ዓመት፣ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አቀረቡለት። ሶቶ እምቢ አለ። ያኔ ሰው ሁሉ ጉድ አለ፤ ልጁ አበደ ያለም ነበር። ወኪሉ ስኮት ቦራስ ግን ገበያውን ያውቀዋል፤ ሶቶ ነፃ የሚሆነው ገና በ26 ዓመቱ ነው። አብዛኛው ተጫዋች ነፃ ሲሆን 30 ዓመት ሊሞላው የቀረበ ነው፣ የሚሸጠው የቀረውን ጉልበቱን ነው። ሶቶ ሊሸጥ የተዘጋጀው ሙሉ ጉልምስናውን ነበር።

እምቢታውን የሰሙት ናሽናልስ ኦገስት 2 ቀን 2022 ለሳንዲያጎ ፓድሬስ ለወጡት። ሶቶና ጆሽ ቤል ሄዱ፣ አንድ ነባር ተጫዋችና አምስት ወጣቶች መጡ። ዲሲ ላይ ብዙ ሰው አዘነ። ዛሬ ግን ናሽናልስ ተሸወዱ የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ከወጣቶቹ ሲጄ ኤብራምስ በ2024፣ ማኬንዚ ጎርና ጄምስ ዉድ በ2025 ለኦል ስታር፣ ማለትም ለሊጎቹ ምርጦች ጨዋታ፣ ተመርጠዋል።

አዲስ ቡድን ለሶቶ በመጀመሪያ ቶሎ አይስማማውም። ሳንዲያጎ በገባ በዚያው ዓመት የቀሩትን 52 ጨዋታዎች ተጫውቶ አማካዩ .236 ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን 162ቱንም ጨዋታ አንድ ሳይቀር ተጫወተ፣ 35 ሆም ራን፣ ማለትም አጥሩን የተሻገረ ምት፣ መታ። ፓድሬስ ያም ሆኖ 82 አሸንፈው 80 ተሸንፈው ከጥሎ ማለፉ ቀሩ። ይህን ልብ በሉ፣ ኋላ ይደገማል። ነፃ ሊሆን አንድ ዓመት ሲቀረው ሳንዲያጎም በተራው ፈራ። ዲሴምበር 2023 ላይ ለኒውዮርክ ያንኪስ ለወጠው። አብሮት ማን ተላከ? ትሬንት ግሪሻም። ያ ኳስ ያመለጠው ሰውዬ።

ያንኪስ ቤት የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ በ31 ሚሊዮን ዶላር። 41 ሆም ራን መታ። ከኋላው የሚመታው አሮን ጃጅ ነበር፤ እሱ በዚያ ዓመት 58 ሆም ራን አለው። ወርዋሪ መከራውን አየ። ሶቶን በዎክ ቢያሳልፈው ጃጅ ይመጣል፣ ባያሳልፈው ሶቶ ይመታዋል።

የዚያን ዓመት ሶቶን ለማየት ኦክቶበር 19 ማታ ክሊቭላንድ ላይ የሆነችው አንዲት ተራ ትበቃለች። ያንኪስ ካሸነፉ ዎርልድ ሲሪስ ይገባሉ። 2 ለ 2 ነው፣ ጨዋታው ወደ ጭማሪ ተላልፏል፣ አሥረኛው ምዕራፍ። ሁለት ሰው ወጥቷል፣ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አለ። ወርዋሪው ሀንተር ጋዲስ ፈጣን ኳሱን ደብቆ ዘገም የሚሉትንና የሚታጠፉትን ብቻ ይልካል። ሶቶ ሁለት ስትራይክ ተቆጥሮበታል፤ አንድ ስህተት ይበቃዋል። ግን ጥሩውን እስኪያገኝ አስቸጋሪውን ሁሉ በዱላው ጫፍ እየነካ ከመስመር ውጭ ያወጣዋል። እንዲህ የወጣ ኳስ ሦስተኛ ስትራይክ ሆኖ አይቆጠርም። ሌላ መጣ፣ ነካው። ሌላ መጣ፣ ነካው። ሰባተኛው ላይ ጋዲስ የሚያታልልበት አለቀበትና ፈጣኑን ወረወረ። ሶቶ የሚጠብቀው እሱን ነበር። ኳሱ በመሀል አልፎ አጥሩን ተሻገረ፣ 5 ለ 2።

ፍጻሜው ላይ የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ያንኪስን በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1 ረቱ። ሶቶ ግን ነፃ ሆነ፣ ጨረታውም ተከፈተ። እንደተዘገበው ያንኪስ እስከ 760 ሚሊዮን ዶላር ለ16 ዓመት ደርሰው ነበር። የሜትስ ባለቤት ስቲቭ ኮኸን በ5 ሚሊዮን በለጣቸው፣ ያውም በአንድ ዓመት ባጠረ ውል። ስታዲየም ውስጥ ለቤተሰቡ ልዩ ክፍልና ጥበቃም እንደተጨመረ ተጽፏል።

የውሉን ቁጥር ከሌላው ጋር ሲያነጻጽሩ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሌላው ኮከብ ሾሄ ኦታኒ ከዶጀርስ ጋር የፈረመው 700 ሚሊዮን ነበር፣ ግን 680ው የሚከፈለው ውሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ዶላር የዛሬውን ዶላር አያህልም። የሶቶ ውል ውስጥ "ቆይ፣ በኋላ" የተባለ ሳንቲም የለም። 75 ሚሊዮኑ እንዲያውም የፊርማ ገንዘብ ነው።

ሜትስን የሚያስወጣቸው ግን ከዚህም ይበልጣል። ቤዝቦል የደመወዝ ጣሪያ የለውም፤ ያለው ታክስ ነው። ጠቅላላ ደመወዙ ከተወሰነ መጠን ያለፈ ቡድን ላለፈው ያህል ይቀጣል፣ በየዓመቱ የሚያልፍ ደግሞ ቅጣቱ ይከብድበታል። ሜትስ ላይኛው እርከን ላይ ናቸው፤ እዚያ ለምትጨመር ለእያንዳንዷ ዶላር ሌላ 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ታክስ ይከፈላል። ሶቶ ደግሞ በዚህ ስሌት በዓመት 51 ሚሊዮን ሆኖ ይገባል። ኮኸን ሀብታም ባይሆን የማይታሰብ ነው።

እና 2025 እንዴት ሆነ? እንደ ልማዱ በዝግታ ጀመረ። እስከ ሜይ ማብቂያ አማካዩ .230 አካባቢ ነበር። የኒውዮርክ ጋዜጣና ሬዲዮ ደግሞ ምሕረት አያውቁም። ሜይ 16 ላይ በሜትስ ማሊያ ያንኪ ስታዲየም ሲመለስ ጩኸቱ ሌላ ነበር። አምና የእሱ ወዳጅ የነበሩት የቀኝ መስመር ደጋፊዎች ጀርባቸውን አዞሩበት። እሱ ሄልሜቱን አንስቶ ሰላም አላቸው። ያን ማታ ሦስት ጊዜ በዎክ ሄደ። እንዲህ የሚያናድድ መልስ የለም።

ጁን ላይ ነቃ፤ በዚያ ወር ብቻ 11 ሆም ራን መታና የሊጉ የወሩ ምርጥ ተባለ። ለኦል ስታር ግን አልተመረጠም። ሲዝኑ ሲያልቅ 43 ሆም ራን፣ 105 አርቢአይ፣ ማለትም በእሱ ምት የገቡ ነጥቦች፣ ነበሩት። የምርጥ ተጫዋች ድምፅ ሲሰጥ ከኦታኒና ከካይል ሽዋርበር ቀጥሎ ሦስተኛ ወጣ።

ማንም ያልጠበቀው ግን የቤዝ ስርቆቱ ነው። ወርዋሪው ሲዘናጋ ከአንዱ ቤዝ ወደ ቀጣዩ ሮጦ መድረስ ስርቆት ይባላል። ሶቶ ፈጣን አይደለም፤ በፍጥነት ቢለካ ከሊጉ ግርጌ ነው የሚገኘው። በ2024 የሰረቀው ሰባት ቤዝ ነበር። በ2025 ግን 38 ሰረቀ፣ ከናሽናል ሊግ ከፍተኛውን ተጋራ። ምሥጢሩ እንደገና ዓይን ነው። ከመጀመሪያው ቤዝ አሠልጣኝ አንቷን ሪቻርድሰን ጋር ሆኖ የየወርዋሪውን አመል አጠና፤ ማን ከመወርወሩ በፊት ትከሻውን ያንቀሳቅሳል፣ የማን እግር ዘግይቶ ይነሳል። ከ2023 ጀምሮ የተቀየረው ሕግም ረድቶታል። ቤዞቹ ሰፍተዋል፣ ወርዋሪውም ሯጩን ለማስፈራራት ወደ ቤዙ መወርወር የሚችልበት ጊዜ ተገድቧል።

ሜትስስ? ጁን 12 ላይ 45 አሸንፈው 24 ብቻ ተሸንፈው ነበር፤ ከ30ው ቡድን አንደኛ። በዚያው ቀን ወርዋሪያቸው ኮዳይ ሰንጋ ቤዝ ለመሸፈን ሲሮጥ የጭኑን የኋላ ጡንቻ ተጎዳ። ሌሎች ወርዋሪዎችም ተራ በተራ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ 38 አሸንፈው 55 ተሸነፉ። ሴፕቴምበር 28፣ የመጨረሻው ቀን ላይ፣ ማያሚን ቢረቱ ጥሎ ማለፉ ይገቡ ነበር። 4 ለ 0 ተሸነፉ። ከሲንሲናቲ ጋር እኩል 83 አሸንፈው 79 ተሸንፈው ጨረሱ፤ እርስ በርስ ሲጫወቱ ሲንሲናቲ ስለበለጠ እሱ አለፈ።

"ታዲያ 765 ሚሊዮኑ ምን ሠራ?" የሚለው ቁጣ የመጣው ከዚህ ነው። እኔ ግን ቁጣው አድራሻ የተሳሳተ ይመስለኛል። እግር ኳስ ላይ ሲጨንቅህ ኳሱን ለሜሲ ትሰጠዋለህ። ቤዝቦል ላይ አይቻልም። ዘጠኝ መቺዎች በተራ ይመታሉ፣ ተራው አይዘለልም፤ ሶቶ በአንድ ጨዋታ የሚደርሰው አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን ቁጭ ብሎ ያያል። የራሱ ቡድን ወርዋሪ ኳሱ ሲመታበት ደግሞ ሣሩ ላይ ቆሞ ኳሱ በራሱ ላይ ሲያልፍ ከመቁጠር ሌላ ምንም አያደርግም። ሳንዲያጎ ላይ በ2023 የሆነውም ይኸው ነው። ሜትስ የገዙት መቺ ሠርቷል፤ የጎደላቸው ወርዋሪ ነው፣ ያ ደግሞ ሶቶ ውል ውስጥ የለም።

ውሉ እስከ 2039 ይዘልቃል፤ ሲያልቅ ሶቶ 41 ዓመቱ ይሆናል። ግን እዚያ ድረስ ላይቆይም ይችላል። ከ2029 ሲዝን በኋላ ውሉን አፍርሶ እንደገና ገበያ መውጣት ይችላል። ሜትስም መከላከያ አላቸው፦ ለቀሩት አሥር ዓመታት በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ዶላር ከጨመሩለት መውጫው ይዘጋል፣ ጠቅላላውም 805 ሚሊዮን ይሆናል። ያኔ ዕድሜው 31 ነው። ዎኩ እንዳለ ሆኖ ሆም ራኑ ካልቀነሰ ኮኸን ሲከፍል አታዩም ብላችሁ አትወራረዱ።